የብስኩት ቆርቆሮዋ አያቴ

እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ አልጋዬ አጠገብ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ አያቴን በገነት አኑርልኝ» እያልኩ የጸለይኩላት ሴት የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ነበረች። ሳቁ፣ ግዴለም፤ እኔም ስቄያለሁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን ማን ግድግዳ ላይ እንደሰቀላትና ለምን እንደሰቀላት ልንገራችሁ።

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከእንግሊዙ ንጉሥ ፎቶ ቀጥሎ፣ ወፍራም የእንጨት ፍሬም ገብታ ተሰቅላ ነበር። ላባ ያለው ሰማያዊ ባርኔጣ፣ ነጭ አንገት፣ ቀይ ጉንጭ፣ እቅፏ ውስጥ ደግሞ ምላሷን ያወጣች ትንሽ ውሻ።

«የአባትሽ እናት ናት» ትለኝ ነበር እናቴ። «ስኮትላንድ ነው የተወለደችው፣ ዳንዲ። አባትሽን እንደወለደች የዚህ አገር ሙቀት ገደላት።»

«ፊቷ ለምንድን ነው የሚያብለጨልጨው?»

«የጨዋ ልጅ ቆዳ እንደዚያ ነው። እጅሽን ከፍሬሙ ላይ አንሺ!»

አንድ ቀን ሰው ሳያየኝ ወንበር ላይ ወጥቼ በጣቴ ነካ ባደርጋት ኳ አለች። የሞተ ሰው ሲቆይ ይደርቅ ይሆናል ብዬ ወረድኩ።

የምንኖረው ህንድ ውስጥ፣ ቢሃር፣ ሐዲዱ ለሁለት በሚከፈልበት ከተማ፣ የባቡር ሰፈር ነበር። እንግሊዝ ህንድን ትገዛለች፤ እኛ ደግሞ ባቡሩን እንነዳላታለን። እኛ ስል ከእንግሊዝ አባቶችና ከህንድ እናቶች የተገኘን፣ ግን አባቶቹን ብቻ የምናስታውስ ሰዎች ማለቴ ነው። እግራችን ረግጧት የማያውቀውን እንግሊዝን «አገራችን» እንላታለን። ሰው በሙቀት በሚቀልጥበት ወር ገና ለገና አገራችን ውስጥ እንዲህ ነው ተብሎ የሱፍ ካልሲ ያደርጉልናል። እናቴ ቤሪል ፊቷን በፓውደር ሳትለስን ወደ በረንዳ አትወጣም። እህቴ ዳፍኒ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጥላ ሳትይዝ ጓሮ ያለው ሽንት ቤት እንኳ አትሄድም ነበር።

አባቴ ክላረንስ ሃስኬት ግን ጥቁር ነው። የቀይ ዳማ፣ ምናምን እያልኩ አላሳምረውም፤ ጥቁር። እናቴ ይህንንም አስረድታኛለች። አባትሽ የፖስታውን ባቡር የሚነዳ ሰው ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የከሰል ጥላሸት ቆዳው ውስጥ ገብቶ ነው። አመንኳት። ጡረታ ሲወጣ ቀስ በቀስ እንደሚነጣ እጠብቅ ነበር። በልጅነቴ የሚነግሩኝን የማላምነው ነገር ቢኖር ስፒናች ይጣፍጣል የሚለውን ብቻ ነው።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለችው ሰርቪስ ውስጥ ደግሞ ሱክያ ትኖር ነበር። ሞግዚታችን ናት። አጭር፣ ደረቅ ያለች አሮጊት፤ ከፊት ሁለት ጥርስ ብቻ የቀራት፣ ክንዷ ሙሉ ንቅሳት የሆነ፣ ስትራመድ አምባሯ የሚንኳኳ። ዳፍኒንም እኔንም ያሳደገችን እሷ ናት። ጠርዙ በተላላጠ የብረት ሳህን ጓሮ ተቀምጣ በእጇ ትበላለች። እንግዳ ከመጣ እናቴ አንድ ጊዜ ታጨበጭባለች፤ ያኔ ሱክያ ሰርቪሷ ገብታ በሩን ትዘጋለች።

እናቴ ሠራተኛ በማባረር ሰፈሩ ውስጥ የታወቀች ነበረች። ወጥ ሠሪ በሦስት ወሩ ይቀየራል። አትክልተኛው አንዴ ጽጌረዳዋን አበላሸ ተብሎ ተባሮ አንዴ ደግሞ ሌላ ሰው የባሰ አበላሸ ተብሎ ተመልሷል። ሱክያ ግን ነቅነቅ አትልም። ሥራ ትዘገያለች፣ ትመልሳለች፣ እናቴን ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ለምን አታባርሪያትም ብዬ ብጠይቃት «አባትሽን ጠይቂው» ብላ በሩን ደርግማብኝ ገባች።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ከጎረቤት የምዋሰው መጽሔት ላይ የሚወጣ የወንጀል ታሪክ ይዤ ነበር። ታሪኩ ውስጥ አንዲት ክፉ የቤት ሠራተኛ የጌታዋን ምስጢር አውቃ ታስጨንቀዋለች። ዓይኔ ተገለጠ በሉኝ።

ማስረጃዬን ልቁጠርላችሁ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ሰርቪሱ ነው። ከማንጎው የመጀመሪያውን፣ ከጣፋጩ ትልቁን ለእሷ ይወስዳል። በሩን ይዘጋል። ሰው ፊት «ጌታዬ፣ እርስዎ» የምትለው ሴት በሩ ሲዘጋ «አንተ» ትለዋለች። በጆሮዬ ሰምቻታለሁ፤ «ና፣ ጭንቅላትህን ወዲህ አምጣ» ስትለው። በመስኮቱ ስንጥቅ ባይ፣ የፖስታውን ባቡር የሚነዳው፣ ሰፈሩ ሁሉ ባርኔጣ የሚያነሳለት አባቴ መሬት ላይ እግሯ ሥር ተቀምጧል። እሷ የገመድ አልጋዋ ላይ ሆና ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ ታደርገዋለች። ትመታዋለች! ሲወጣ ጸጉሩ በሰናፍጭ ዘይት ተለጥፎ፣ ዓይኑ ቀልቶ ነው።

እናቴ እራት ላይ አፍንጫዋን በመሐረብ ትይዛለች። «ክላረንስ፣ እንደ ሰላጣ ሸተትክ እኮ!»

«አዎ» ይላል አባቴ።

አሁን ሳስበው፣ አምሳ ዓመት የሞላው፣ መሀል አናቱ የሳሳ ሰውዬ በቀን ውስጥ እንደገና ልጅ የሚሆንባት ግማሽ ሰዓት ነበረችው። ያን ጊዜ ግን ያየሁት አባቴ በባልቴት ሲደበደብ ነው።

የመጨረሻውን ማስረጃ ያገኘሁት ከእናቴና ከዳፍኒ ነው። ዳፍኒ ሌናርድ የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሳጅን ይዛ ነበር። እውነተኛ፣ እዚያው እንግሊዝ የተወለደ፣ ጆሮው የቀላ ሳጅን። አምስት እሑድ ሻይ ሊጠጣ መጥቷል፤ አባቴም ፈቃዱን ሰጥቷል፤ በስድስተኛው እሑድ ቀለበት ሊያደርግላት ነው። ሰርጉ ካለቀ ዳፍኒ መርከብ ተሳፍራ «አገራችን» ትሄዳለች። ሐሙስ ዕለት የቀለበቱን ቀሚስ በልኳ ሲያጠብቡ በር ሥር ቆሜ ሰማኋቸው።

«አሮጊቷ ያን ቀን አፏን ከከፈተች አለቀልን» አለች እናቴ፣ አፏ ውስጥ መርፌ እንደያዘች።

«አባባ ደግሞ ፊቷ ሲሆን ይልፈሰፈሳል» አለች ዳፍኒ። «ሌናርድ ካወቀ እሞታለሁ። እውነቴን ነው፣ ሐዲድ ላይ እተኛለሁ።»

«የአባትሽ ባቡር እንዳይሆን ብቻ። አትነቃነቂ፣ ትወጊያለሽ።»

አበቃ! አባቴ ሰው ገድሏል፤ ሱክያ ታውቃለች። ማንን ገደለ የሚለውን ለጊዜው ተውኩት።

ዓርብ ከሰዓት ሰርቪሱ ገባሁ። ሱክያ ሩዝ እየለቀመች ነበር። ወገቤን ይዤ ቆምኩና «አባቴን ተይው!» አልኳት። «ምስጢሩን አውቄያለሁ።»

እጇ ሩዙ ላይ ቀረ። «ምኑን አወቅሽ፣ ሞይራ?»

«ሁሉንም። ሂጂልን ከቤታችን። አንቺ ባትኖሪ ሁላችንም ደስ ይለናል፤ እማማም ዳፍኒም ብለዋል።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች። «እሺ፣ ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ግን ይሄን የወፍ ጎጆ ጸጉርሽን መጀመሪያ ላበጥረው፤ ነይ፣ ጭንቅላትሽን አምጪ።»

ከሞግዚት ጋር እየተጣሉ መበጠር አይመችም፤ ቢሆንም ተቀመጥኩ። ስታበጥረኝ አልጋው ሥር ያለውን የዘይት ጠርሙስ አየሁት። ዘይት ከሌለ መደብደብ የለም። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠርሙሱን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁና ፍራሼ ሥር ደበቅኩት።

ቅዳሜ ምሽት አባቴ ወደ ሰርቪሱ ሄደ። በስንጥቁ ሰለልኩ። ሱክያ አልጋውን አገላበጠች፣ ሳጥኗን ከፈተች፣ ተንበርክካ ዳበሰች። ከዚያ ወደ አባቴ ጆሮ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ነገረችው፤ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረ። አባቴ ጸጉሩ ደርቆ ወጣ። አዳንኩት! ያን ማታ ለዳንዲዋ አያቴ ስጸልይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሱክያ ሞታ ተገኘች።

አባቴ ነው ያገኛት። ሲጮህ አልሰማሁትም፤ ሄጄ ሳየው መሬት ላይ፣ ያችው የወትሮ ቦታው ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን አልጋዋ ጠርዝ ላይ አስደግፏል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬ?» አለች። «ከቀን ሁሉ መርጣ ዛሬ?» ይህን ብላ አፏን ያዘች፤ ወዲያው ግን ሥራ ጀመረች። እናቴ እንደዚያ ናት፤ ሲጨንቃት ታደራጃለች። በሙቀቱ ምክንያት ሬሳ አያድርም። ስለዚህ ቀብሩ ዛሬውኑ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይሁን፤ ሰፈርተኛው ሻይ ላይ ስለሚሆን ማንም አያይም። ሳጅኑም አሥር ሰዓት ይመጣል፤ ሻዩ እንደታቀደው ይቀጥላል።

እኔ ጥግ ቆሜ አሰብኩ። ሂጂ አልኳት፣ ሄደች። የገደልኳት እኔ ነኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሒሳቡ አጭር ነው።

አባቴ ከሥራ ክፍሉ የፈቃድ ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ያን ቀን የፖስታው ባቡር ተራ የእሱ ነው፤ በአሥር ሰዓት ከሩብ ይነሳል። ወረቀቱ ላይ «ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና» የሚል ቦታ አለ። እስክሪብቶውን ይዞ እዚያ ላይ ቀረ።

«ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?» አለች እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለሞግዚት ፈቃድ አይሰጥም። ሌላ ከጻፍክ ደግሞ ነገ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ያነበዋል። ዳፍኒን አስባት ክላረንስ። የአንድ ቀን ነገር ነው፣ እለምንሃለሁ።»

አባቴ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ወረቀቱ ባዶውን ቀረ።

እናቴን አትፍረዱባት ልል ነበር፤ ፍረዱባት፣ እኔም ስፈርድባት ኖሬያለሁ። ግን ይህንንም እወቁ፦ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ሳሪ የለበሰች አያት ከተገኘች ልጆቹ ለዳንስ አይጠሩም፣ ሴቶቹ አይታጩም፣ ወንዶቹ ከዕቃ ባቡር ነጂነት አያልፉም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ የዳንዲ አያት ተሰቅላ ነበር፤ የእኛዋን የሰቀለቻት እናቴ ናት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሳጅን ሌናርድ ጆሮውን አቅልቶ መጣ። ዳፍኒ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ እናቴ ትልቁን ኬክ ቆርሳ፣ ሁሉም ፈገግ ብለዋል። ከጓሮ ሬሳው በአጥሩ ሽንቁር ሲወጣ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጠርሙሱን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ «ሽንት ቤት» ብዬ ወጣሁና ሮጥኩ። መቃብሯ ውስጥ ልከትላትና ይቅርታ ልላት ነበር ሐሳቤ።

መቃብሩ ከከተማው መውጫ፣ ከሐዲዱ ሥር ነው። ሳጥኗን የተሸከሙት ወጥ ሠሪው፣ አትክልተኛው፣ ጠራጊውና ልጁ ናቸው። ሳጥኑ ከሻይ ማሸጊያ ጣውላ የተሠራ ነው፤ «ይህ ጎን ወደ ላይ» የሚለው ጽሑፍ ወደ ታች ተዘቅዝቋል። ቄሱ ሻይ ላይ ስለሆኑ ረዳት ሰባኪያቸው ብቻ መጽሐፉን ይዞ ፀሐዩን እያየ ይቸኩላል። እኔ አንድ የድንጋይ መስቀል ጀርባ ተደበቅኩ።

ያኔ የፖስታው ባቡር መጣ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የባቡር ሰው ወይም የባቡር ሰው ዘመድ ሲቀበር፣ በዚያ የሚያልፈው ነጂ ፊሽካውን አርዝሞ ይነፋል። ለሠራተኛ አይነፋም። ለሱክያ ሊነፋ አይችልም። ፊሽካው ግን ተነፋ፤ ረዘመ፤ አላቆም አለ። ከዚያ ፍሬኑ ሲጮህ ሰማሁ። ለዝሆን የማይቆመው፣ ለጎርፍ የማይቆመው የፖስታ ባቡር እየተንፈቀፈቀ መጥቶ መቃብሩ ፊት ለፊት ቆመ።

አባቴ ዘሎ ወረደ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ድልዳሉን ወረደና አትክልተኛውን ትከሻውን ነክቶ ከሳጥኑ ሥር አስወጣው፤ ራሱ ገባበት። ከሰል የሚያቀጣጥልለት ራምዛን ሞተሩ ላይ ሆኖ የፊሽካውን ገመድ እየጎተተ ነው። ከአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ መስኮት አንድ ቀይ ፊት ብቅ አለ።

«ምን ተፈጠረ? ለምን ቆምን?»

«ቀብር ነው ጌታዬ!» አለ ራምዛን።

«የማን ቀብር?»

«የነጂው እናት!»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ራምዛን እንዲህ ያለ ውሸት በአንድ አፍታ መፍጠር መቻሉ ገረመኝ። አባቴም ወዲያው ገባው መሰለኝ፤ ሰባኪው «ይህችን አገልጋይህን» ብሎ ማንበብ ሲጀምር «አገልጋይ አይደለችም» አለው። «እናቴ ናት። ከመጀመሪያው ጀምርና አንብብ።» ሰባኪው ከመጀመሪያው ጀመረ። አባቴ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ አለቀሰ፤ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ «እማዬ፣ እማዬ» እያለ። ባቡሩን በማቆሙ እንዳይቀጡት እንዴት አድርጎ እንደሚያስመስል! ኮራሁበት። ጠርሙሱን መቃብሩ ውስጥ መክተቱን ግን ፈራሁ፤ እሱ ካየኝ ምን እለዋለሁ?

አፈሩ ሲያልቅ ወደ ሞተሩ ወጣ፤ ባቡሩ ሄደ። ሰባኪው መጽሐፉን ዘግቶ ባቡሩ እስኪሰወር ቆሞ አየ። እኔ ወደ ቤት በረርኩ።

ሳሎኑ ውስጥ ሁሉም ስኒ ይዘው ደርቀዋል። ፊሽካው እንኳን እዚያ፣ ገበያ ድረስ ተሰምቷል። ሳጅኑ «የሞተ ሰው አለ እንዴ?» እያለ ነበር፤ እኔ ግን ጀግና ነበርኩና ጫማዬን ሳልጠርግ ገባሁ።

«አባዬ ባቡሩን አቆመው! ሱክያን ሊቀብራት! ነጮቹ እንዳይቆጡት ራምዛን 'እናቱ ናት' ብሎ ሸወዳቸው፤ አባዬም 'እናቴ፣ እናቴ' እያለ አለቀሰ፤ ሁሉም አመኑት!» አልኩ በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ ሳጅኑ ሞኝ እንዳይሆን ብዬ ወደ ግድግዳው ጠቆምኩ። «እናቱማ ይቺ ናት። የዳንዲዋ።»

ዳፍኒ ስኒዋን ጣለች። እናቴ አልተነቃነቀችም፤ ፓውደሩ ብቻ ፊቷ ላይ ቀርቶ ደሙ ሄደ።

ሳጅን ሌናርድ ጉሮሮውን ጠራረገ። ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሄዶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አያቴን አያት።

«እናቴ ቤትም አለች» አለ።

«ማን?» አለች እናቴ።

«ይቺ ሴትዮ። የዝንጅብል ብስኩት ናት። ሲያልቅ እናቴ መርፌና ክር ታስቀምጥባታለች። ከታች ክብደቱ ተጽፏል፤ እዚህ ፍሬሙ ሸፍኖታል።» ጆሮው እስከ አንገቱ ቀላ። «ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ወይዘሮ ሃስኬት። ደስ የማይል ነገር እንዳላነሳ ብዬ ነው።»

«አሮጊቷንስ?» አለች ዳፍኒ።

«ሁለተኛው እሑድ ሲጋራ ላጨስ ጓሮ ወጥቼ አገኘኋት። አፍንጫዋ የሚስተር ሃስኬት አፍንጫ ነው፤ ቁርጥ። ሰላም አልኳት። 'ልጅቷን ታበላታለህ?' አለችኝ። አበላታለሁ አልኩ። 'እንግዲያው ጥሩ' ብላኝ ገባች።»

እናቴ «አውቀህ ዝም አልክ?» አለችው። «አምስት እሑድ?»

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ። ኬኩም ጥሩ ነበር።»

እናቴ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም፤ ጠረጴዛውን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጓሮ አበላኋት! ለማን ብዬ ነው? ለማን ብዬ!»

እኔ አሁንም አልገባኝም። ዳፍኒ ትከሻዬን ይዛ ናጠችኝ። «ሱክያ አያትሽ ነበረች፣ አንቺ ደደብ! የአባባ እናት ነበረች!»

ዳፍኒና ሌናርድ ተጋቡ። ሰውዬው መልካም ባል ሆነ፤ ወፈረ፤ እስከ መጨረሻው አበላት። ለእናቱ ግን ዳፍኒ የስፔን ዘር አለባት ብሎ ነው የነገራት። እሱም ከውሸቱ አላመለጠም። እኔ ራሴ ዛሬ የምኖረው ሬዲንግ፣ እንግሊዝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅዳሜ ገበያ፣ የአሮጌ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ፣ ከነሙሉ ቆርቆሮዋ አገኘኋት፤ ባርኔጣዋ፣ ጉንጯ፣ ውሻዋ። «እንዴት ነሽ አያቴ?» አልኳት። ሻጩ ቀና ብሎ አየኝ። የሱክያ ግን አንድም ፎቶ የለኝም። የሁለት ጥርሷን ቦታ እንኳ፣ ከላይ ነው ከታች፣ ማስታወስ አቅቶኛል፤ የብስኩቷን ውሻ ምላስ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እስላችኋለሁ። ይህ ያናድደኛል።

አባቴ የተመለሰው ሰኞ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በእግሩ ነው። ከፖስታው ባቡር አውርደው ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ ወዲያ ወዲህ ወደሚገፋው ሞተር መድበውታል። ባቡሩን ያቆምክበትን ምክንያት ጻፍ ብለው ወረቀት ሰጥተውት ነበር፤ ግልባጩ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሰፊ ባዶ ቦታ ትተውለታል፤ እሱ የጻፈው ሁለት ቃል ነው፦ «እናቴን ቀበርኩ።»

ቤት አልገባም። ቀጥታ ወደ ሰርቪሱ ሄዶ የገመድ አልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ጸጉሩ ደርቆ፣ ቆሟል። እኔ ጠርሙሱን ይዤ ገባሁ።

«እኔ ነኝ የሰረቅኩት» አልኩት። «ቅዳሜ ሳትቀባህ የቀረችው በእኔ ነው። ደግሞ ሂጂልን ብያታለሁ። ከዚያ ሄደች።»

አባቴ ወደ ራሱ ሳብ አደረገኝ። ከሰል ከሰል ይሸታል።

«ነግራኛለች» አለ። «ዘይቱን ስታጣ ወዲያው አወቀች። 'ልጅህ ከእኔ እጅ ልታድንህ ተነስታለች' ብላ እስኪያስላት ሳቀች። 'እንዳትቆጣት፤ ጎበዝ ናት፤ ራሷ ትመልሰዋለች' አለችኝ።»

አለቀስኩ። እንደ ቤታችን ደንብ በመሐረብ ሳይሆን እንደ እሱ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ።

እናቴ በሩ ላይ መቆሟን ያወቅነው ቆይተን ነው። ፓውደር የለባትም፤ ፊቷ ቡናማ ነበር፣ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው ሳየው። ገባች። ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደችና የሱክያ አልጋ ላይ፣ የሱክያ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ክዳኑን ስትከፍት ሽታው አንገሸገሻት፤ መሐረቧን ግን አላወጣችም።

«ቤሪል፣ ግዴለም፣ ተይው» አለ አባቴ።

«ዝም በል» አለችው። «ጭንቅላትህን ወዲህ አምጣ።»

አታውቅበትም። ዘይቱን አብዝታ አፈሰሰችው፤ በጆሮው ወርዶ ኮሌታው ውስጥ ገባ። እንቁላል የምትነካ ይመስል በጣቶቿ ጫፍ ቀስ እያለች አሸችው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ታገሣት፣ ታገሣትና፣ «ጠንከር አድርጊው» አለ። «እሷ ትመታኝ ነበር።»

እናቴም መታችው።